ምንም አልተገኘም

«ምንም አልተገኘም» የሚለው የሐኪም ቃል አብዛኛውን ጊዜ የምሥራች ነው። ራሱን ሲያመው የከረመ ሰው የአንጎል ምስል ተነሥቶ ይህን ሲሰማ እፎይ ብሎ ይሄዳል። በአንድ በሽታ ላይ ግን ይኸው ቃል ሁልጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል። በሽታው ኦፕሶክሎነስ ማዮክሎነስ ሲንድሮም ይባላል፤ ዐይን ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ በየአቅጣጫው የሚዘልበት፣ እጅና እግር በድንገት እየተወረወረ ሚዛን የሚጠፋበት ብርቅ የነርቭ ሕመም ነው። አንዳንዶች «የሚጨፍሩ ዐይኖችና የሚጨፍሩ እግሮች» ይሉታል። ስሙ ጨዋታ ይመስላል፤ ሕመሙ ግን ከጨዋታ የራቀ ነው።

ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሁለት ሕፃናት እናስብ። ሁለቱም ባለፈው ሳምንት ይሮጡ ነበር፤ ዛሬ ሳይደገፉ መቆም አቅቷቸዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዐይናቸው አያርፍም፣ ሌሊቱን ሙሉ ይነጫነጫሉ። የአንደኛዋ ደረት ውስጥ፣ ከአከርካሪዋ ጎን፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዕጢ ተገኘች። ሁለተኛው ከአንገት እስከ ዳሌ ተፈትሾ ምንም አልተገኘበትም። በእሷ መዝገብ ላይ «መንስኤ፦ ኒውሮብላስቶማ»፣ ማለትም ከነርቭ ሕዋሳት የሚነሣ የሕፃናት ካንሰር፣ ተብሎ ይጻፋል፤ በእሱ ላይ «መንስኤው ያልታወቀ»። ሕመማቸው ግን አንድ ነው፣ የሚታዘዝላቸው መድኃኒትም አንድ ነው፣ ትኩሳት ሲይዛቸው የሚያገረሸውም በሁለቱም ላይ ነው። እንዲህ የሚመሳሰሉ ሁለት ሕፃናት በእርግጥ በመንስኤ ይለያያሉ? ወይስ የለያቸው እኛ ያየነውና ያላየነው ብቻ ነው?

ነገሩ ያልለቀቀኝ «መንስኤ» የሚለው ቃል ሦስት ጥያቄዎችን በአንድ ከረጢት ስለሚይዝ ይመስለኛል። አንደኛው እሳቱን ማን ለኮሰው የሚል ነው፤ ዕጢ፣ ቫይረስ፣ መርዝ። ሁለተኛው ጉዳቱን በገዛ እጁ ያደረሰው ማን ነው የሚል ነው። ሦስተኛው ጉዳቱ አንጎል ውስጥ የት ላይ አረፈ የሚል ነው። «ምንም አልተገኘም» የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ እሱንም በከፊል።

ዐይኑ ምን እያደረገ ነው?

ስለ መንስኤ ከመከራከር በፊት ያየነው ነገር ምን እንደሆነ መስማማት ይሻላል፤ እዚህ ላይ የሚሠራ ስሕተት የኋላውን ሁሉ ያጣምማል። ዐይናችን ከአንድ ነገር ወደ ሌላው የሚሄደው ሳኬድ በሚባል ቅጽበታዊ ዝላይ ነው። ይህን መስመር በማንበብ ላይ ሳላችሁም ዐይናችሁ እየዘለለ ነው። በሁለት ዝላዮች መካከል ግን ቆም ይላል፤ ፋታው የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። በኦፕሶክሎነስ፣ ማለትም በዐይኑ ጭፈራ፣ ይህ ፋታ ይጠፋል። አንዱ ዝላይ ሳያርፍ ሌላው ይነሣል፤ በሴኮንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያህል፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ እየዞረም ጭምር። ሁለቱ ዐይኖች አብረው ነው የሚዘሉት። ዝላዩ ወደ ጎን ብቻ ከሆነ ፍለተር ይባላል፤ መንስኤዎቻቸው ግን በአብዛኛው የጋራ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚያምታታው ከኒስታግመስ ጋር ነው። በተለመደው ኒስታግመስ ዐይን በዝግታ ይንሸራተትና በፍጥነት ይመለሳል፤ አንዱ ጉዞ ዘገምተኛ፣ ሌላው ፈጣን ነው። በኦፕሶክሎነስ ዘገምተኛ ጉዞ የለም፤ ሁሉም ፈጣን ነው፤ አቅጣጫውም አስቀድሞ አይታወቅም። ሌላም መለያ አለው፤ ዐይን ሲጨፈንና እንቅልፍ ሲመጣ እንኳ አይተውም። ከተኛ ሕፃን የዐይን ቆብ ሥር የሚርመሰመስ ነገር መኖሩን ወላጆች ከሐኪም ቀድመው የሚያስተውሉት ለዚህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝላዩ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ምርመራ ክፍል ውስጥ ላይታይም ይችላል። ስለዚህ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠግቶ፣ ብርሃኑ ሳያጥበረብረው፣ አሻንጉሊት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እያሳዩ ቢያንስ ለ30 ሴኮንድ መቅረጽ ጥሩ ነው፤ ጭፈራው የሚቀሰቀሰው ብዙ ጊዜ ዐይን ቦታ ሲቀይር ነውና። ስልኩ በዝግታ የማሳየት አቀራረጽ ካለው እሱን መጠቀም፣ ከዚያም ሕፃኑ ሲተኛ አንድ ጊዜ መድገም ነው።

አንድ ወጥመድ እዚህ ላይ አለ። በብዙ ሕፃናት ቀድሞ የሚመጣው መንገዳገዱ ነው፤ ዐይኑ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ይከተላል። ያኔ የሚሰጠው ስም «ከቫይረስ በኋላ የሚመጣ የሴሬቤለም መታወክ» ነው (ሴሬቤለም ከኋላ በኩል ያለው፣ ሚዛንን የሚገራው የአንጎል ክፍል ነው)፤ እሱ በጊዜው የሚድን የታወቀ ሕመም ስለሆነ ሁሉም ይረጋጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የተፈሰሰውን መልቀም ሳምንታት ይፈጃል። ተራው መታወክ በጥቂት ሳምንታት እየቀለለ ይሄዳል፤ የሚሻል የማይመስል፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ባሕርዩ ፈጽሞ የተለወጠ ሕፃን ግን እንደገና መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2004 በጣሊያኗ ጄኖዋ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ያስቀመጡት መለኪያም ይህን ያገናዘበ ነው። ከአራት ነገሮች ሦስቱ ይበቃሉ፦ ኦፕሶክሎነስ ወይም ፍለተር፣ መንገዳገድ ወይም የጡንቻ መወርወር፣ የባሕርይ ወይም የእንቅልፍ መለወጥ፣ ኒውሮብላስቶማ። ልብ በሉ፤ በሽታው በዐይን ቢጠራም ዐይኑ የግድ አይደለም።

ፍሬኑ የት ነው?

ከሦስቱ ጥያቄዎች የመጨረሻውን ላስቀድም። ዐይንን የሚያዘልሉት የነርቭ ሕዋሳት ግንደ አንጎል ውስጥ ናቸው። ወደ ጎን የሚያዘልሉት ፖንስ በሚባለው ክፍል፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘልሉትና የሚያዞሩት ደግሞ ከዚያ ከፍ ብሎ መካከለኛው አንጎል ላይ ይገኛሉ። ለጥቂት ሚሊሴኮንድ በኃይል ይተኩሱና ዝም ይላሉ፤ ተኳሾች እንበላቸው። ልቅ ቢሆኑ ዐይንን አያሳርፉትም። ስለዚህ ፖንስ መካከል ላይ ሌሎች ጥቂት ሕዋሳት ተቀምጠው ይጠብቋቸዋል። እነዚህ አጋቾች ዐይን አንድ ነገር ላይ ተተክሎ ሳለ ያለማቋረጥ ግላይሲን የተባለውን ኬሚካል እየለቀቁ ተኳሾቹን አፍነው ይይዛሉ። ዝላይ ሲያስፈልግ አጋቾቹ ለቅጽበት ዝም ይላሉ፣ ዐይኑ ይዘላል፣ ተመልሰው ይይዛሉ።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ያረፈው በእነዚህ አጋቾች ላይ ነበር። ፍሬን ሲበጠስ መኪና አይቆምም፤ ከዚህ የቀለለ ማብራሪያ የለም። ማስረጃው ግን አላገዘውም። በጦጣዎች ላይ አጋቾቹ ሲጎዱ ዝላዩ ዘገምተኛ ሆነ እንጂ ዐይኑ አልጨፈረም። በዚህ ሕመም የሞቱ ሰዎች አንጎል ሲመረመርም አጋቾቹ ጤነኛ ሆነው የተገኙበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ወደ ሴሬቤለም ያመለክታል፤ እኔም የምደገፈው ወደዚህ ነው። የሴሬቤለም መካከለኛ ክፍል በሆነው ቨርሚስ ላይ ያሉት ፐርኪንጄ ሕዋሳት ከሥራቸው የሚገኘውን ፋስቲጂያል የተባለ የሕዋሳት ጉብታ ይገታሉ። ፐርኪንጄዎቹ ሲዳከሙ ጉብታው ልጓሙን ይበጥስና ግንደ አንጎልን ያለ ዕረፍት ይጎተጉታል። ኦፕሶክሎነስ ያለባቸው ሰዎች አንጎል እየሠራ ሳለ በተነሣ ምስል ይህ ጉብታ ሲንቀሳቀስ ታይቷል። ይህን ማብራሪያ የምመርጠው ግን ዐይኑን ስለሚፈታ ብቻ አይደለም። መንገዳገዱን፣ የአንደበት መተሳሰሩን፣ የሕፃኑን ቁጣና የእንቅልፍ እጦት ጭምር ወደ አንድ ሠፈር ይሰበስባቸዋል፤ ሴሬቤለም አካልን ብቻ ሳይሆን ስሜትንም በመግራት ድርሻ አለውና።

ሦስተኛ ሐሳብም አለ፤ ከሁለተኛው ጋር አይጣላም። በግራና በቀኝ ያሉት ተኳሾች እርስ በርሳቸው ይጋታሉ። የታፈነ ተኳሽ ሲለቀቅ እንደ ተጨቆነ ሞላ ይስፈነጠራል፤ መስፈንጠሩ ተቃራኒውን ያፍናል፤ ያም በተራው ይስፈነጠራል። አንዳንድ ጤነኛ ሰዎች ዐይናቸውን ወደ አፍንጫቸው ስበው ሆን ብለው ለጥቂት ሴኮንድ ሊያንቀጠቅጡት መቻላቸው ይህን ያጠናክራል፤ ቶሎ ይደክማቸዋል እንጂ ያደርጉታል። ለመወዛወዝ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በእያንዳንዳችን ግንደ አንጎል ውስጥ ተሟልቶ ተቀምጧል ማለት ነው። በሽታው አዲስ እንቅስቃሴ አልፈጠረም፤ የታሰረውን ፈታ።

ዕጢው ወጣ፣ ዐይኑ ግን አልቆመም

ኦፕሶክሎነስ የሚለውን ስም ያወጣው ፖላንዳዊው የነርቭ ሐኪም ካዚሚየሽ ኦዤሆፍስኪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1913። በ1962 ማርሴል ኪንስበርን የስድስት ሕፃናትን ታሪክ አሳተመ፤ የሚጨፍር ዐይን፣ የሚወረወር እግር፣ ምክንያቱ ያልተገኘ። ኤሲቲኤች የተባለው ሆርሞን እንደሚያሻሽላቸውም አስተዋለ። በ1968 ደግሞ ይህ ሕመም ካለባቸው ሕፃናት በአንዳንዶቹ ደረትና ሆድ ውስጥ የተደበቀ ኒውሮብላስቶማ እንደሚገኝ የሚናገሩ ዘገባዎች ወጡ። ያኔ ነገሩ የተቋጨ መስሎ ነበር።

ኒውሮብላስቶማ ገና ባልበሰሉ የሲምፓቴቲክ ነርቭ ሕዋሳት ላይ የሚነሣ የሕፃናት ካንሰር ነው። ስለዚህ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከኩላሊት ራስ ላይ ካለው አድሬናል፣ አለዚያም በአከርካሪው ግራና ቀኝ ከተዘረጋው የነርቭ ሰንሰለት ነው። ይህ ካንሰር ካለባቸው ሕፃናት ውስጥ የሚጨፍር ዐይን የሚታየው ከ2 እስከ 3 በመቶ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። ከወዲያኛው አቅጣጫ ሲታይ ግን ቁጥሩ ይገለበጣል፤ በዚህ ሕመም ከተያዙ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ዕጢው ይገኝባቸዋል። ዕጢው ልዩ ልዩ ኬሚካል ስለሚያመነጭ አንጎልን የሚመርዘው እሱ ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነበር። እንዲያ ከሆነ ግን ዕጢው ሲወጣ ዐይኑ መቆም አለበት።

አልቆመም። ዕጢው ብልቃጥ ውስጥ ገብቷል፤ የሕፃኑ ዐይን አሁንም ይዘላል። በአንዳንዶቹ ለጊዜው ጋብ ይልና ከወራት በኋላ ይመለሳል። በዚህ በሽታ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያስተምረኝ ይህ ቅጽበት ነው። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል፤ ማብራሪያው ግን ወድቋል። ተከሳሹ ከአካባቢው ከተወገደ በኋላም ወንጀሉ ከቀጠለ፣ ወይ የተያዘው ሌላ ሰው ነው፣ ወይ ሥራውን የሚሠራለት እጅ ውጭ ቀርቷል።

የዚያን እጅ አሻራ ያየው የወጣውን ዕጢ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ የተመለከተው ባለሙያ ነው። የእነዚህ ሕፃናት ዕጢ ከሌላው ኒውሮብላስቶማ ይለያል። ሊምፎሳይት በተባሉ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የተሞላ ነው፤ ቢ እና ቲ ሕዋሳት ልክ ንፍፊት ውስጥ እንደሚያደርጉት ክብ ሠርተው ሠፍረውበታል። ዕጢው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፣ አልተሠራጨም፣ ካንሰሩን የሚያከፋው ኤምዋይሲኤን የተባለ ዘረመልም እንደሌሎቹ ክፉ ዕጢዎች አልተባዛበትም። ከካንሰሩ የመዳን ዕድላቸው ከ90 በመቶ በላይ ነው። ሰውነት ጠላቱን አይቶታል፣ ከቦታል፣ እያሸነፈውም ነበር ማለት ነው።

ችግሩ ጠላት የለበሰው ልብስ ነው። ኒውሮብላስቶማ የነርቭ ዘር ስለሆነ በላዩ የሚታዩት ፕሮቲኖች ከፊሎቹ ሴሬቤለም ላይም አሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እዚህ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዱላው የተነሣው በዳውላው ላይ ነበር፤ ያረፈው አህያዋ ላይ ነው። በአንዳንድ ሕፃናት ደም ውስጥ ከዕጢው ሕዋሳትም ከሴሬቤለም ሕዋሳትም ገጽ ላይ የሚጣበቁ አንቲቦዲዎች፣ ማለትም መከላከያው የሚያመርታቸው ፕሮቲኖች፣ ተገኝተዋል። በጀርባ ከሚቀዳው ፈሳሽ ውስጥም ቢ ሕዋሳት ከተለመደው በላይ በዝተው ይታያሉ። ዕጢው ከወጣ በኋላ ጭፈራው ለምን እንደሚቀጥልም በዚሁ ይገባናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የመከላከያ ሕዋሳት ትውስታ በቀዶ ሕክምና አይወጣም።

ይህ ማብራሪያ ቀዳዳ የለውም አልልም። ግሉዲ2 በተባለ የሴሬቤለም ተቀባይ ላይ ያነጣጠረ አንቲቦዲ በአንዳንድ ሕፃናት ተገኝቷል፤ በሌሎቹ ግን የለም። ሁሉንም የሚያስማማ አንድ ዒላማ አልተገኘም። በተግባር ሲታይ ይህ ማለት በሽታውን የሚያረጋግጥም የሚያስቀርም የደም ምርመራ የለም፤ «አንቲቦዲው ኔጌቲቭ ነው» ማለት ሕመሙ የመከላከያ ሥርዓት ሥራ አይደለም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሕፃን ልመለስ። ኒውሮብላስቶማ በሕፃናት ላይ ያለ ሕክምና በራሱ የሚከስምበት ጊዜ እንዳለ የታወቀ ነው። በእሷ ዕጢ ውስጥ ውጊያው ገና ሳያልቅ ደረስንበት። በእሱስ ውጊያው ካለቀ በኋላ ደርሰን ቢሆን? ዕጢውን ጨርሶ የበላ መከላከያ ምን ዓይነት ምስል ይተዋል? ንጹሕ ምስል። ይህ መላ ምት ነው፤ የጠፋ ነገር ነበረ ብሎ ማረጋገጥ ከባድ ነው። ሁሉም ዕጢ ያልተገኘባቸው ሕፃናት እንዲህ ናቸው ማለትም አልችልም። ግን «መንስኤው ያልታወቀ» ከሚለው ቃል ይልቅ ሁለቱን ሕፃናት ያስታርቃቸዋል።

ያልተገኘውን መፈለግ

ሌላው ዕድል ደግሞ ቀላልና የሚያናድድ ነው፤ ዕጢው አለ፣ አልታየም። የሚያመልጥባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አንደኛው የሽንት ምርመራ ነው። ኒውሮብላስቶማ ሲኖር ኤችቪኤ እና ቪኤምኤ የተባሉ ዝቃጮች ሽንት ውስጥ ይጨምራሉ ተብሎ ይጠበቃል። በዚህ ሕመም ግን ዕጢው ትንሽ ስለሆነ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። በሽንት ውጤት ብቻ ተረጋግቶ ምስሉን መተው ትልቁ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ኤምአይቢጂ የተባለው ምርመራ ነው። ጨረር የሚያወጣ አዮዲን የተያያዘበት ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጥና ዕጢው ሲመጠው በማግስቱ በካሜራ ይታያል። ጥሩ ምርመራ ነው፤ ግን ከኒውሮብላስቶማ አሥር በመቶ ያህሉ አይመጠውም፤ በጣም ትንሽ የሆነውም ሊያመልጠው ይችላል። አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ የደም ግፊት መድኃኒቱ ላቤታሎል፣ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ የድባቴ መድኃኒቶችና ሱዶኤፌድሪን ያለባቸው የጉንፋን ሽሮፖች፣ መምጠጡን ስለሚያግዱ አስቀድሞ መጠየቅና ማቋረጥ ያስፈልጋል። የአንገት ታይሮይድ እንዳይጎዳም ከምርመራው በፊት አዮዲን ይሰጣል።

ስለዚህ ዋናው ፍለጋ ከአንገት እስከ ዳሌ በኤምአርአይ ወይም በሲቲ፣ በቀጫጭን ቁራጭ፣ ማድመቂያ ተወግቶ የሚነሣ ምስል ነው። «የሆድ አልትራሳውንድና የደረት ራጅ ተነሥቷል» ማለት አልተፈለገም ማለት ይቀርባል፤ ከአከርካሪ ጎን የተሸጎጠን ትንሽ ዕጢ ሁለቱም በቀላሉ ያልፉታል። የአንጎል ኤምአርአይም ይነሣል፤ ግን የሚነሣው ሌላ ነገር ለማስቀረት ነው። በመጀመሪያው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያሳይም፤ ይህም ያው የተሳሳተ ማጽናኛ ይሆናል።

አንድ የሥራ ቅደም ተከተል ብዙ ይቆጥባል። እንዲህ የሚወራጭ ሕፃን ያለ ማደንዘዣ ጸጥ ብሎ አይተኛም፤ ስለዚህ ኤምአርአዩንና ከጀርባ ፈሳሽ መቅዳቱን በአንድ ማደንዘዣ ማጣመር ይቻላል። ደምና ፈሳሹ መቀዳት ያለበት መከላከያውን የሚያረጋጉት ኢሚዩኖግሎቡሊንና ስቴሮይድ ከመጀመራቸው በፊት ነው፤ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሺህ ሰዎች አንቲቦዲ በመሆኑ ከተሰጠ በኋላ የሚገኘው አንቲቦዲ የሕፃኑ ይሁን የለጋሾቹ አይለይም። ውጤቱ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ፍለጋው አላለቀም፤ ከወራት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በስድስተኛው ወር አካባቢ፣ ይደገማል።

በአዋቂ ሰው ተጠርጣሪው ሌላ ነው

አዋቂ ሰው ላይ ይህ ሕመም ሲመጣ ኒውሮብላስቶማ ከዝርዝሩ ይወርዳል ለማለት ይቻላል። ቦታውን የሚይዙት ትንንሽ ሕዋስ ያለው የሳንባ ካንሰር፣ የጡት ካንሰር፣ በወጣት ሴቶች ደግሞ ቴራቶማ የተባለው የእንቁልጢ ዕጢ ናቸው። ፀረ ሪ የተባለው አንቲቦዲ ከተገኘ ፍለጋው በተለይ ወደ ጡትና ወደ ሳንባ ይዞራል፤ አብዛኞቹ አዋቂዎች ግን ምንም የታወቀ አንቲቦዲ አይገኝባቸውም። ስለዚህ አለመገኘቱን ይዞ የደረት ሲቲን፣ የጡትን ምስልና የእንቁልጢ አልትራሳውንድን መተው አይገባም።

ከሕፃናቱ የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለ። በሕፃን ላይ ካንሰሩ ራሱ ብዙ ጊዜ የዋህ ነው፤ ጉዳቱን የሚያደርሰው መከላከያው ነው። በአዋቂ ላይ ግን ካንሰሩ ካልታከመ የሰውነትን መከላከያ የሚያረጋጋ መድኃኒት ብቻውን እምብዛም አይረዳም፤ ሰውዬው ከዐይን ጭፈራ ወደ መደንዘዝና ወደ ራስ መሳት ሊሄድ ይችላል። ካንሰር የሌለባቸው፣ ብዙ ጊዜም በዕድሜ የሚያንሱት፣ በተሻለ ሁኔታ ያገግማሉ።

ጉንፋኑን እንመን?

ቫይረሶችን ያቆየኋቸው በምክንያት ነው። ኢንቴሮቫይረስ፣ ኤፕስታይን ባር፣ የጆሮ ደግፍ፣ ዌስት ናይል፣ ማይኮፕላዝማ የተባለው ባክቴሪያ፣ ኮቪድ 19፤ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ኦፕሶክሎነስ ተመዝግቧል። ኤችአይቪም ኢንፌክሽኑ ገና ሲጀምር፣ ወይም መድኃኒት ተጀምሮ መከላከያው ሲያንሰራራ፣ ሊያመጣው ይችላል፤ አዋቂ ላይ ምርመራው መቅረት የለበትም። ዝርዝሩ ሲረዝም ግን አንድ ነገር ይነግረናል። ይህን ያህል የማይዛመዱ ተሕዋስያን አንድ ዓይነት ሕመም ካመጡ፣ የሕመሙ መልክ የሚወሰነው በለኳሹ ሳይሆን በሚቃጠለው ነገር ነው።

በሕፃን ላይ ጉንፋንን ማመን ከዚህም በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን ባለፈው ወር ውስጥ ጉንፋን ይዞት ያውቃል ወይ ብትሉ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው ለማለት ይቀላል። በዚያ ዕድሜ ክትባትም በየጊዜው ይሰጣል፤ ከክትባት በኋላ ታየ የሚሉ ጥቂት ዘገባዎች ቢኖሩም መከተል ብቻውን ማምጣት አይደለም። ቫይረስ ተገኘ ተብሎ የዕጢ ፍለጋ የተተወበት ሕፃን፣ ጨርሶ ካልተመረመረ ሕፃን የተሻለ አልተደረገለትም።

መርዝና መድኃኒት ላይ አልቆይም፤ ታሪክ በደንብ ከተጠየቀ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ሊቲየም፣ አሚትሪፕቲሊን፣ መጠኑ ያለፈ ፌኒቶይን፣ ኮኬይን፣ የሚሸተት ማጣበቂያ ውስጥ ያለው ቶሉይን፣ ኦርጋኖፎስፌት የተባሉት የተባይ ማጥፊያዎች ይገኙበታል። በኦርጋኖፎስፌት የዐይኑ ጭፈራ የሚመጣው ምራቅና ላቡ፣ የዐይን ብሌን መጥበቡ ከታከመ ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሲወገዱ ዐይኑ ብዙ ጊዜ ይረጋጋል፤ መርዙ ፍሬኑን ለጊዜው ያላላል እንጂ ትውስታ ያለው ሠራዊት አያስነሣም። በአንዳንድ ጤነኛ አራስ ሕፃናት ላይም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታይቶ በራሱ የሚጠፋ ተመሳሳይ እንቅስቃሴ አለ።

መድኃኒቱ የሚመሰክረው

ስለ መንስኤው ከሁሉ የሚያሳምነኝ ምስክር መድኃኒቱ ነው። ኤሲቲኤች፣ በየወሩ ለሦስት ቀን የሚሰጥ ዴክሳሜታዞን፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ቢ ሕዋሳትን የሚያጠፋው ሪቱክሲማብ፤ ሁሉም የሚነኩት መከላከያውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሙከራ ኒውሮብላስቶማ ያለባቸው 53 ሕፃናት ሁሉም ፕሬድኒሶንና እንደ ካንሰሩ ደረጃ ኬሞቴራፒ ወሰዱ፤ ግማሾቹ ኢሚዩኖግሎቡሊን ተጨመረላቸው። ከተጨመረላቸው 26 ሕፃናት 21ዱ ሲሻሻሉ፣ ካልተጨመረላቸው 27 ሕፃናት የተሻሻሉት 11 ብቻ ነበሩ። ዕጢ ያልተገኘባቸው ሕፃናትም የሚታከሙት በእነዚሁ መድኃኒቶች ነው፤ እነሱም ይሻላቸዋል። ቁልፉ አንድ ከሆነ በሩ ሁለት ነው ማለት ይከብደኛል።

የሚያገረሸውም በዚያው በር ነው። ስቴሮይዱ በፍጥነት ሲቀነስ፣ ወይም ሕፃኑ ተራ ትኩሳት ሲይዘው፣ እግሩ መንገዳገድ ይጀምራል፤ ቀጥሎ እንቅልፉ ይጠፋል፤ ከዚያ ዐይኑ ይከተላል። ማገርሸት ሲደጋገም ንግግርና ትምህርት ላይ የሚተወው ጠባሳ ይጨምራል፤ ለዚህም ነው ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች ከመጀመሪያው መድኃኒቶቹን አጣምረው በርትተው የሚጀምሩት።

ስለዚህ በሁለተኛው ሕፃን መዝገብ ላይ «መንስኤው ያልታወቀ» የሚለውን ሠርዤ ሌላ ብጽፍበት ደስ ይለኝ ነበር፦ «መከላከያው ሴሬቤለምን እያጠቃ ነው። ለኳሹ ዕጢ በዚህ ቀን፣ በዚህ መሣሪያ፣ ከአንገት እስከ ዳሌ ተፈልጎ አልታየም። ፍለጋው የሚደገምበት ቀን፦»። ከነጥቡ በኋላ ያለው ባዶ ቦታ ሳይሞላ ከክፍሉ መውጣት የለበትም።